ጉንፋን የያዘው ቀማሽ

የሆቴላችን ወይን ቀማሽ ሆኜ በጻፍኩት ማስታወሻ መሠረት፣ በኦክ እንጨት በርሜል የቆየው የፖርቱጋል ቅልቅል ነጭ ወይን ሲገባልን የቫኒላ ሽታ ነበረው። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የመጋዘን ኃላፊ ግን የዚያኑ ዕለት ቀምሰው፣ «ይሄማ ለይቶለት ኮምጣጤ ሆኗል» ብለዋል። እንግዶች ወይኑን ኮመጠጠ ብለው ሲመልሱ አለቃችን የእኔን ማስታወሻ አመነ።

«ደህና የገባውን ወይን መጋዘን ውስጥ አበላሹት፤ ከነገ ጀምሮ አይምጡ!» አላቸው።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርከው ልጅ፣ አብረን ቀምሰን የለም እንዴ?»

ፊቴ ጋለ። ያን ቀን ጉንፋን አፍኖኝ ምንም አልሸተተኝም ነበር፤ ቀማሽ ሆኜ ይህን መናገር አሳፍሮኝ የጠርሙሱን ጽሑፍ ገለበጥኩ።

«ቫኒላውን ከጠርሙሱ ጀርባ ነው ያነበብኩት» አልኩ፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው። «እሳቸው ይቆዩ፤ የምለቀው እኔ ነኝ።»