የአሥራ ሁለት ቮልቱ መስመር

ሾፌሩ ማርሽ ሊቀንስ ግራ እግሩን ወደ ፍሪሲዮኑ ሲሰድ ስክሪኑ ድርግም አለ። ዝናቡ፣ ጫካው፣ ዳገቱ፣ ከኋላው የሚጎትተው ሃያ ቶን ሲሚንቶ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተጠመደው መሪ በሁለት እጁ እንደተያዘ ቀረ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። አምፖሉ እንደበራ ነው። ማቀዝቀዣውም ወጥ ቤት ውስጥ ያንኮራፋል። መብራት አልሄደም፤ የሄደው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጠራ። ጢሞ ነበር።

"ዛሬም?" አለው።

"ዛሬም።"

"ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ። ትመጣ እንደሆነ ልጠብቅህ።"

"አትጠብቀኝ፤ ሂድ።"

"ብቻዬን ምን ልሠራ ነው የምሄደው?" አለና ጢሞ ስልኩን ዘጋው።

ሁለቱ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ፊትና ኋላ ሆነው ነድተዋል። ጢሞ ስሙን ያገኘው ከከንፈሩ አልፎ ጉንጩን ከሚነካው ጢሙ ነው። ከአራት ዓመት በፊት መንገድ ዳር ጎማ ሲቀይር አንድ መኪና ገጭቶት ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። አሁን በሌላ ከተማ እህቱ ቤት ይኖራል፤ ለሕክምና ካልሆነ በቀር ከደጅ አይወጣም። ሾፌሩ ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ሳይነካ ነድቶ፣ ከሁለት ዓመት በፊት መሪ ላይ እያለ ራሱን ሳተ። መኪናውን ዳር አስይዞ የእጅ ፍሬኑን ለመሳብ ብቻ ጊዜ አግኝቷል። የልብ ምቱ መሃል ላይ እንደሚዘል ተነገረው፤ መንጃ ፈቃዱም ሳይታደስ ቀረ።

የጭነት መኪና የሚነዳበትን ጨዋታ ያመጣው ጢሞ ነው። ሾፌሩ መጀመሪያ ስቆበት ነበር፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ የልጅ ጨዋታ ሊጫወት! በኋላ ግን አንድ ቀን በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሞከረው። መንገዱ ሁለቱንም እኩል ያደርጋቸዋል። ጢሞ እግር አለው፣ እሱም ልብ አለው። ጠዋት ሲነሳ ከማን ጋር እንደሚነዳ የሚያውቅ ሰው ሆነ። ይህን ሲያይ ነው መሪውን፣ ፔዳሉን፣ ሥዕሉን የሚሥል ደህና ግራፊክስ ካርድ ያለውን ኮምፒውተር ያስገጣጠመው። ከተገጣጠመ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት አንድም ጉዞ አልጨረሰም። ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ረጅሙን፣ ተራራውን አቋርጦ ወደ ወደቡ የሚወርደውን ጉዞ ተቀጣጥረዋል።

ባለቤቱ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ታስተምራለች። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ የልጆቿን ሥዕል በየስማቸው እየለየች ነበር። ቀና ሳትል፣ "መንገዱ እኮ ትቶሃል። አንተም ብትተወው ምናለ?" አለችው።

ክፋት ኖሯት አልነበረም። ራሱን ከሳተ ወዲህ ሲተኛ ትንፋሹን እየሰማች የምታድር ሴት ናት፤ ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር የሚገረጣውን ፊቱን ማየት ሰልችቷታል።

"መጀመሪያ ለምን እንደሚጠፋ ልወቅ" አለ።

ኮምፒውተሩን ለሸጠለት ሻጭ ሲደውል ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሙቀት ነው አለው፤ የኮምፒውተሩን ኬዝ ጎን ከፍቶ የጠረጴዛ ማራገቢያ ደገነበት፤ ጠፋ። ቀጥሎ ሶኬቱ ነው አለው፤ ሶኬት ቀየረ፤ ጠፋ። አሁን ደግሞ የሥዕሉን ጥራት ይቀንሱ አለው። ቀነሰ። እውነትም አልጠፋም። ነገር ግን ዛፎቹ ከካርቶን የተቆረጡ መሰሉ፤ ዝናቡም ቀረ። ያንን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው የካርቶን ጫካ ለማየት አይደለም። ጥራቱን ወደ ቦታው መለሰና ደብተር አውጥቶ የጠፋበትን ቦታ ሁሉ ይጽፍ ጀመር። ሜዳ ላይ አንድም ጊዜ አልጠፋም። በረሃውን ሲያቋርጥም እንደዚሁ። ዘጠኝ ጊዜ ከጠፋው ሰባቱ ዳገት ላይ፣ ሁለቱ በዝናብ ከተማ ሲገባ ነው።

አርብ ጠዋት ባለቤቱ ሥራ እንደሄደች ገመዱን ነቅሎ ካቻቢቴውን አነሳ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከኬዙ ሥር አራት ብሎን ፈትቶ ፓወር ሰፕላዩን አወጣው፤ ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለሌላው ክፍል ሁሉ የሚያከፋፍለው ዕቃ ይህ ነው። ፊቱ ላይ በትልቁ 450 ዋት ይላል። ከጎኑ ግን ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ ያለበት ሠንጠረዥ ተለጥፏል። መነጽሩን አድርጎ መስኮቱ አጠገብ ሄደ። አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሃያ አምስት አምፔር።

ቮልትን በአምፔር ሲያባዙ ዋት እንደሚወጣ ያውቃል። መኪናው ላይ ትርፍ የፊት መብራት እያስገጠመ ስንት ፊውዝ አቃጥሎ የተማረው ነው። አባዛው፤ ሦስት መቶ ወጣ። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ወረቀት ላይ ደገመው፤ ያው ሦስት መቶ ነው። ከዚያ ከየዕቃው ጋር የመጡትን ወረቀቶች ከካርቶኑ ውስጥ ፈልጎ አወጣ። ግራፊክስ ካርዱ ሁለት መቶ ሃያ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ መቶ ሃያ። ማራገቢያዎቹና የቀሩት ትናንሽ ነገሮች በግምት ሃምሳ። ሲደምረው ሦስት መቶ ዘጠና ሆነ።

እርሳሱን አስቀመጠ። ዘጠና ትርፍ ጭነው መንገድ ላይ አውጥተውታል። ፓወር ሰፕላዩን በፎጣ ጠቅልሎ ከመጣበት ሳጥን ጋር ፌስታል ውስጥ ከተተና አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሱቁ አንድ የገበያ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሻጩ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ አፉ የማይደክም ሰው ነው። ፌስታሉን ሲያይ ፊቱ ጠቆር አለ፤ ቶሎ ግን ፈገግ ብሎ ወንበር አቀረበ። ሾፌሩ አልተቀመጠም። ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳው።

"አባት፣ ሦስት መቶ ዘጠና ከሆነ የሚፈልገው፣ ይሄ እኮ አራት መቶ ሃምሳ ነው። እንዲያውም ይተርፋል" አለ ሻጩ። "ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ ይዩት።"

"እኔ ሳጥኑን አይደለም የምሰካው።"

"ቢሆንም አባት፣ ፋብሪካው ያውቃል።"

"ፋብሪካውማ ያውቃል። አውቆም በትንሹ ጽፎታል። ይኸው፤ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሃያ አምስት አምፔር። አንተ አባዛልኝ።"

ሻጩ አላባዛም። ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት፤ ስለ ቤቱ መስመር፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ጨዋታው ክብደት ደርድሮ ደርድሮ፣ በመጨረሻ የተከፈተ ዕቃ እንደማይመለስ ነገረው። ሾፌሩ እስኪጨርስ ጠበቀው። መንገድ ላይ ስንት ኬላ ጠብቋል። ሲጨርስም እዚያው እንደቆመ፣ የሚያባዛለት ሌላ ሰው እንዳለ በዝግታ ጠየቀ።

ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ወጣች። የሱቁ ጠጋኝ ናት። ማጉያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች፤ ጣቶቿ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታሉ። ፓወር ሰፕላዩን ተቀብላ በመዳፏ መዘነችው፤ ከዚያ ሠንጠረዡን አየች።

"መቼ መቼ ነው የሚጠፋብዎት?"

"ዳገት ስይዝ።"

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሚያስቀይም አልነበረም። "ኮምፒውተር ዳገት አያውቅም፣ ጋሼ። ዳገቱ ላይ ምን አለ?"

"ጫካ።"

"እሱ ነው። እያንዳንዷን ቅጠል መሣል አለበት። ዝናብ ሲጨመርበት ጠብታውንም። ካርዱ ያኔ ለቅጽበት ከሁለት መቶ ሃያውም ዘሎ ይስባል። ይሄ ደግሞ አይችልም፤ ከመቃጠል ይሻለኛል ብሎ ራሱን ያጠፋል።" ወደ ሻጩ ዞረች። "አብረን የሸጥንላቸው እኛ ነን። ካርዱን እያየን ይሄን መስጠት አልነበረብንም።"

ሻጩ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ከባለ ሱቁ ጋር ብዙ ተነጋገረ። ሲመለስ ቋንቋው ተለውጧል። አሮጌውን ተቀብለው ልዩነቱን ብቻ ያስከፍሉታል፤ ደግሞም አንዴ ከተነሳ አይቀር ብሎ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ትልቅ ጥቁር ሳጥን አወረደ። ባለ አንድ ሺህ ዋት ነው። ይህን ከወሰደ ዕድሜ ልኩን እንደማያስብ ማለለት።

"ለአንድ ኩንታል ተሳቢ አይቀጠልም" አለ ሾፌሩ። "ሌሎቹን አሳዩኝ። ከሳጥኑ አውጡልኝና ጎናቸውን ልይ።"

ጠጋኟ ሁለት አወጣችለት። መነጽሩን አድርጎ ሠንጠረዦቹን በየተራ አነበበ። ባለ አምስት መቶ ሃምሳው በአሥራ ሁለት ቮልቱ መስመር አርባ አምስት አምፔር ይሰጣል፤ ባለ ስድስት መቶ ሃምሳው ሃምሳ አራት። ሁለቱም ሲባዙ ሳጥናቸው ላይ ከተጻፈው ጋር ይቀራረባሉ። ይህ ደስ አለው። ጠጋኟ አነስተኛውም እንደሚበቃው፣ ካርዱን ለወደፊቱ የሚቀይር ከሆነ ግን ትልቁ እንደሚሻል ነገረችው። ሾፌሩ ሁለቱንም አንስቶ አስቀመጠ። ሞተር አስጨንቆ ዳገት ወጥቶ አያውቅም፤ ለሚያፈጥኑት ባልደረቦቹ ሲመክር የኖረው ይህንኑ ነው። ባለ ስድስት መቶ ሃምሳውን ወደ ራሱ ሳበ።

ልትገጥምለት ብትጠይቀው እምቢ አለ። እንድታሳየው ብቻ ለመናት። ጠረጴዛዋ ላይ አሮጌ ኬዝ አምጥታ የትኛው ገመድ ወደ የት እንደሚሄድ አሳየችው፤ ከዚያ ነቅላ እሱን አሰካችው። ሊሄድ ሲል፣ "አደራዎን የአሮጌውን ገመድ አዲሱ ላይ እንዳይሰኩ። ጫፉ ቢመሳሰልም ውስጡ አይገናኝም፤ ካርዱን ያቃጥልብዎታል" አለችው። ደብተሩን አውጥቶ ይህንንም ጻፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ወለሉ ላይ አንሶላ አንጥፎ ሥራ ጀመረ። ባለቤቱ መጀመሪያ በበሩ አልፋ ሄደች። ሁለተኛ ስታልፍ ቆመች። ሦስተኛ ጊዜ ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከችና መብራቱን አበራችለት። እሱ ሲሰካ እሷ ከደብተሩ ላይ እያነበበች ታቀብለዋለች፤ ለልጆቿ በምታነብበት ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ እየደጋገመች።

"ይሄ ወፍራሙ የካርዱ ነው ይላል። እስኪ 'ቀጭ' እስኪል ድረስ ግፋው።"

ቀጭ አለ።

በዘጠኝ ሰዓት ማዳመጫውን አደረገ። ጢሞ ቀድሞ ደርሶ እየጠበቀ ነበር። ስለ ፓወር ሰፕላዩ ነገረው፤ ጢሞ ግን ቁጥሩን ሁሉ መስማት አልፈለገም፤ እንሂድ ብቻ አለ። ሜዳውን ፊትና ኋላ ሆነው አለፉ። ወንዙን ተሻገሩ። የተራራው ግርጌ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ዛፎች መጡ። ሾፌሩ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ ባለቤቱም ሥዕሎቿን ትታ ስክሪኑን ትመለከት ጀመር።

"አለህ?" አለ ጢሞ።

"አለሁ።"

ጫካው ጠበቀ። መብራቱ እርጥቡ ቅጠል ላይ ያንጸባርቃል፤ መጥረጊያው ከዝናቡ ጋር ይሟገታል። ማርሽ ቀነሰ፤ ደግሞ ቀነሰ። ኬዙ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"አለህ?"

"አለሁ አልኩህ።"

የጢሞ ጥያቄ እየራቀ ሄደ፤ በመጨረሻም ተወው። ስለ ድሮ ጉዞዎች ያወራ ጀመር። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ አባራ፤ ከታች ሸለቆው ተዘረጋ። ባለቤቱ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ እውነተኛው ተራራም እንዲህ ያምር እንደነበር ጠየቀችው። እንደሚያምር፣ ግን ድርጅቱ ተሳፋሪ መያዝ ስለሚከለክል አንድም ቀን እንዳልወሰዳት ነገራት፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ እሷ ግን እንደ አዲስ ሰማችው።

ቁልቁለቱን ጨርሰው የነዳጅ ማደያ ያለባት ትንሽ ከተማ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ለወደቡ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ቀርቷል። ጢሞ ሳይቆሙ እንዲጨርሱት ጎተጎተው፤ እንዲህ ያለ መንገድ ካገኙ ስንት ዘመን ሆናቸው! ሾፌሩ እግሩን አንቀሳቀሰ። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ከተቀመጥክ ተነስተህ ተራመድ ብሎታል፤ እሱ ግን አንድ ጊዜም ሰምቶት አያውቅም።

ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ማደያው ገባና የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

"ምነው?" አለ ጢሞ። "ጠፋብህ እንዴ?"

"አልጠፋም። እኔ ነኝ የማጠፋው። ነገ ከዚሁ እንነሳለን።"

ማዳመጫውን አውልቆ ኮምፒውተሩን በራሱ እጅ ዘጋ። ከዚያ ባለቤቱን ጫማዋን እንድታደርግ ነግሯት የራሱን ሊያመጣ ተነሳ።