ኦቦ ኢቲቻና ስምንቱ የንግግር ክፍሎች

በጃንሆይ ዘመን፣ ሱሉልታ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሳለሁ፣ አራተኛ ክፍል ጢሙ የሸበተ ተማሪ ነበር። ኦቦ ኢቲቻ ይባላል። ሴት ልጁን ጠጅቱን፣ ሜዳውንና ወንዙን አሻግሮ ያመጣታል፤ መጀመሪያ ላይ እስክትወጣ እኔ ዘንድ በሩ ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር። ወንድሞቹ ግን አላስቀመጡትም። የሰው በሬ ሲያርስ ያንተ በሬ ቆሞ ይዋል ወይ፣ ተማሪ ከሆንክ ተማር፣ ካልሆንክ ናና እረስ አሉት። ያን ጊዜ ገብቶ ከጠጅቱ ጋር አንደኛ ክፍል ተመዘገበ።

ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ ልጆቹ “አባ ጉልበት” አሉት። አልተቀየመም። ፊደሉንም ሂሳቡንም ከጠጅቱ እኩል ተያያዘው። አራተኛ ክፍል ሲደርስ የከበደው እንግሊዝኛ ነው፤ ከእንግሊዝኛም ስምንቱ የንግግር ክፍሎች። አስተማሪያቸው ወይዘሪት ውብአየሁ ዳይሬክተሩ ያሏቸውን ሳይደብቁ ነገሩት፦ ወንበር የሚጠብቅ ልጅ ብዙ ነው፤ ዓርብ የቃል ፈተናውን ካላለፈ ቦታውን ይለቃል። ከለቀቀ ወደ ሞፈሩ ነው። እሱ ወደ ሞፈሩ ከሄደ ደግሞ ወንዙ በሞላ ጊዜ ጠጅቱን የሚያሻግራት የለም፤ ቤት መቅረቷ ነው። ይህን እሱም፣ ልጅቱም፣ እኔም እናውቀው ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ የማውቃት ብትኖር በመስኮት የሰማኋት ናት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መንገድ ልሸኛቸው ወጣሁና፣ እስቲ በቃልህ በለው አልኩት። እንደ ዳዊት ደጋሚ አንበለበለው። ስም የሰው፣ የቦታ፣ የነገር መጠሪያ ነው ብሎ ጀምሮ ስምንተኛው ላይ እስኪደርስ ትንፋሽ አልወሰደም።

“እሱንማ በቀቀንም ይለዋል፣ አባባ” አለች ጠጅቱ። “‘ረን’ ምንድን ነው? መሮጥ የሚባለው።”

“ስም።”

“‘ብላክ’ስ? ጥቁር?”

“ስም።”

“ሁሉም ስም ነው?”

“ስም የሌለው ነገር አሳዪኝ እስቲ።”

እውነቱን መሰለኝ። በልቤ ግን እግዚአብሔር እንዲረዳው ለመንኩ፤ ሌላ የማውቀው መላ አልነበረኝም።

ጥቂት እንደሄድን ከሊፋን አገኘነው። ከገበያ ገበያ ጨውና ጨርቅ የሚያዞር ነጋዴ ነው፤ በቅሎዎቹን እየነዳ ይመጣል።

“አከም ከሊፋ፣ ነጋ?” አለው ኢቲቻ፤ ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነው።

“ነጋ፣ ኦቦ ኢቲቻ። በሬ ሞተ።”

በእኛ አገር ወሬ ጎደሎ ሆኖ አይታለፍም። ኢቲቻ በትሩን ተደግፎ ቆመና ጥያቄውን በተራ አወረደው። የማን በሬ? የደቻሳ። የትኛው? ጥቁሩ። ምን ሆኖ? ገደል ገብቶ። የት? ከወንዙ ማዶ። እንዴት ገባ? ደንብሮ፣ ድንገት። ኢቲቻ ከንፈሩን መጠጠ፤ ከሊፋም እግዜር ይተካለት ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

“በሬ ሞተ ሲልህ አይበቃህም ነበር?” አልኩት።

“ምኑ ይበቃል? የማን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ምን እንደሆነ...” ብሎ ጀመረና ቆመ። ጠጅቱ ልትናገር ስትል እጇን ያዝ አደረግኳት። ሰው ሲያስብ ማቋረጥ ደግ አይደለም።

ቆይቶ፣ “የማን ስለው የፈለግኩት ስሙን ነው” አለ። “ምን ሆነ ስለው ግን ስም አልፈለግኩም። የሆነውን ነው።”

“ጥቁሩስ?” አለች ጠጅቱ።

“እሱ የትኛው ሲባል ነው የሚመጣው።”

ከዚያ በኋላ ስለ ፈተናው አላነሳንም። መንታው መንገድ ላይ ተለያየን።

ዓርብ ዕለት ከመስኮቱ ሥር ሣር አጭድ ነበር። ወይዘሪት ውብአየሁ ሰሌዳው ላይ ጽፈው አነበቡለት፦ “ዘ ኦልድ ፋርመር ዎክስ ስሎውሊ ቱ ቸርች።” ሽማግሌው ገበሬ ቀስ ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ማለት ነው። ልጆቹ ወደ ኋላ እየዞሩ ሳቁ። ኢቲቻ ሰሌዳውን ቃል በቃል በዓይኑ ተከተለ። ሲቆይብኝ ማጭዴን አስቀምጬ አማተብኩ።

“የሄደው ማነው?” ሲል ሰማሁት፣ ለራሱ። “ፋርመር። ስም ነው። ምን ዓይነት ገበሬ? ኦልድ፤ ቅጽል። ምን አደረገ? ዎክስ። ግሡ ይሄ ነው። እንዴት ሄደ? ስሎውሊ፤ ተውሳከ ግሥ።” “ቱ” ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ፤ ስም ነው አለ። ወይዘሪት ውብአየሁ አላረሙትም፤ ይቀመጡ ብቻ አሉት።

ሰኞ ጠዋት ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚመለስ ዳይሬክተሩ ነገሩኝ። ይህ ለበር ጠባቂ ቀድሞ የሚነገር ነው። ኢቲቻ የጠጅቱን እጅ ይዞ መጣ። በሌላው እጁ የያዘው ደብተር አይደለም፤ የበሬ ጅራፍ ነው።

“አከም ቀጄላ፣ ነጋ?” አለኝ።

“ነጋ። ወሬ አለ።”

“የማን?” አለ።

“የገበሬ።”

“ምን ዓይነት ገበሬ?”

“ሽማግሌ።”

“ምን ሆነ?” ድምፁ ዝቅ አለ።

“ተቀመጠ።”

“የት?”

“ከኋላ፣ ወንበሩ ላይ።”

ጠጅቱ ክንዱን ያዘችው። እሱ ግን ወሬውን ጎደሎ አድርጎ አልተወውም።

“እንዴት?”

“በጭንቅ” አልኩት።

ጅራፉን ለእኔ ሰጥቶ ገባ።