ከነውሉ የተገዛ ቤት

የገዛችው ቤት ስም በዞረላት ማግስት አዋላጇ ከሆስፒታል እንደወጣች፣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ቤቱ እየከነፈች ሄደች። ቤቷ ያስጠጋቻት እህቷ በወሩ መጨረሻ ልታገባ ነው፤ ያኔ አዋላጇ መግቢያ የላትም። ሻጩ ደግሞ «ተከራዩ በቃል ስምምነት ብቻ ነው የሚኖረው፤ በሳምንት ውልቅ ይልልሻል» ብሏት ነበር።

በሩን የከፈቱላት ሬዲዮ ጠጋኝ ሽማግሌ ናቸው፤ ካቻቢቴ ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ቤቱን የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፤ ግቢ።»

ገና ከበሩ ሳታልፍ በሳምንት ውስጥ ቤቱን እንዲለቁላት ነገረቻቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጧት፤ ሻጩና ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት የኪራይ ውል። ሊያልቅ አሥራ አንድ ወር ይቀረዋል።

ደሟ ፈላ። ወጥታ ሻጩ ጋ ደወለች፤ አያነሳም። ደግማ ደወለች፤ ተዘግቷል። በነጋታው ጠበቃ ዘንድ ሄደች።

«ቤቱን ከነውሉ ነው የገዛሽው» አላት ጠበቃው። «ለምኛቸው፤ ማስገደድ ግን አትችይም።»

ሳምንቱን ሙሉ እረፍት አጣች። የምታምጥን እናት «አይዞሽ» እያለች እንኳ ልቧ እዚያ ቤት ነው። ሦስት ጊዜ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። በአራተኛው ሽማግሌው በመስኮት አይተዋት ኖሮ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ የገዛ ቤትሽን ትሰልያለሽ እንዴ?»

ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም ተከተለ። የእህቷን ሰርግ፣ መግቢያ ማጣቷን ነገረቻቸው።

ጭንቅላታቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «የፊተኛዋን ክፍል፣ መሥሪያዬን፣ ልልቀቅልሽ። ለእኔና ለባለቤቴ የቀረው ይበቃናል። በጽሑፍ ይሁን ግን፤ የቃልን ነገር ከሻጩ አይተሻል።»

ውሉን አሻሽለው ፈረሙ። አሥራ አንድ ወር በራሷ ቤት እንደ እንግዳ ኮቴዋን አጥፍታ ኖረች። ሌሊት ተረኛ ሆና ቀን ስትተኛ፣ ሽማግሌው ሬዲዮዎቹን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው ይሞክሯቸው ነበር።

ውሉ ሲያልቅ ባልና ሚስቱ ልጃቸው ጋ ገቡ። ጓዛቸውን የጫነው መኪና ከዓይኗ እስኪሰወር ሸኘቻቸው። ከዚያ ባዶዎቹን ክፍሎች ዞረች፤ መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች፤ አልጋዋን ወደ ትልቁ ክፍል ገፋች፣ መልሳ ጎተተች። ያኔ እህቷ ደወለች።

«በቃ፣ ብቻሽን ነገሥሽበት! ደስ አላለሽም?»

«ደስማ ብሎኛል» አለች። «ግን ዛሬ መጥተሽ እደሪልኝ።»