ቤቱን ትውሰድ

ሙንዚር ቤቱን ያለ ክርክር ሲለቅላት ረውዳን ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ያዛት።

በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ምንም ነገር በቀላሉ ለቆ አያውቅም። አሮጌ ፍራሽ ለመቀየር እንኳ ሦስት ቀን ተጨቃጭቀዋል። ፍቺውን የያዙት ሽማግሌዎች ፊት ግን፣ «የምንኖርበት የሆጤው ቤት ለእሷ ይሁን። ለእኔ የኮምቦልቻው ሱቅ ይበቃኛል» አለ። ሱቁ ቀለምና ቆርቆሮ የሚሸጥበት ነው።

«ማሻአላህ! ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» ብለው ሸህ ዘይኑልአቢዲን መረቁት። ስምምነቱ ሐሙስ እንዲፈረም ተቀጠረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወንድሟ ሚስባህ፣ «ምን ያስተክዝሻል? ልጅሽን ይዘሽ በገዛ ቤትሽ ልትኖሪ አይደል?» አላት።

«ሲናገር ዓይኔን አላየኝም» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ቤቱን ፎቶ ሲያነሱ አገኘቻቸው። ማንን እንደሚፈልጉ ጠየቀች። «ለግምት ነው እህቴ» አለ አንደኛው፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር። መኪናቸው ከታጠፈ በኋላም ረውዳ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

በዚያው ቀን የቤቱን ካርታ ቅጂ ይዛ ወደ ከተማው መሬት ቢሮ ሄደች። ሠራተኛዋ ፋይሉን አገላብጣ ቀና አለች።

«ቤቱ በባንክ ብድር ተይዟል። እርስዎም ተስማምተው ፈርመዋል።»

«እኔ?»

ሠራተኛዋ ወረቀቱን አዞረችላት። ፊርማው የራሷ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ረሂማን አርግዛ እግሯ አብጦ ሳለ፣ «የንግድ ፈቃድ ማደሻ ነው፣ ቶሎ ፈርመሽ እንሂድ» ብሎ ይዟት የሄደው ትዝ አላት። ወለድ ሐራም ነው እያለ ጎረቤት የሚገሥጸው ሙንዚር ነበር ያስፈረማት።

ባንኩ ደግሞ የቀረውን ነገራት። ክፍያ ከቆመ ስምንት ወር ሆኗል፤ ቤቱ ለሐራጅ እየተዘጋጀ ነው።

«ሐሙስ ብትፈርሚ ባዶ ግድግዳ ነበር የምትረከቢው። እሱ ሱቁን ይዞ ይሄድ ነበር» አለ ሚስባህ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

ረውዳ አላለቀሰችም። ረቡዕ ጠበቃ ይዛ ፍርድ ቤት ቀረበች፤ የሱቁ ዕቃ እንዳይሸጥና እንዳይወጣ እግድ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ የባንኩን ወረቀት ሸህ ዘይኑልአቢዲን ፊት አኖረች።

ሸሁ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሙንዚር፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

ሙንዚር ፊቱን ከሸሁ አዞረ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ረውዳን ትክ ብሎ አያት። ድምፁን ሳያነሳ፣ «አንቺስ አልፈረምሽም?» አላት።

ስምምነቱ ሳይፈረም ቀርቶ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ብድሩ ለሱቁ የዋለ የጋራ ዕዳ ነው አለ። ቤቱ ተሽጦ ዕዳው እንዲከፈል፣ የሚተርፈውና የሱቁ ዕቃ እኩል እንዲካፈል ወሰነ። ረውዳ ሐራጁን አልጠበቀችም፤ ድርሻዋን ከሱቁ ተረክባ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራየች። አድራሻዋን ከሚስባህ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ሙንዚር ግን ከሆጤው ቤት አልወጣም ብሎ እስከ መጨረሻው ቀን ተቀመጠ። ያስወጡት በፖሊስ ነው።

በማግስቱ ደወለላት።

«ደስ አለሽ?»

«የሚያስደስት ነገር የለውም፣ ሙንዚር።»

«የተከራየሽው ቤት በሩ ሰማያዊ ነው አይደል?» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሚስባህ ያንኑ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ አስመዘገባት። ፖሊሱ የተባለውን ቃል በቃል ጻፈና፣ «በር ሰማያዊ ነው ማለት ብቻውን ወንጀል አይሆንም። ግን ንቁ» አላቸው።

ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ መስኮት ከፍተው ይውላሉ። ረውዳ ግን መስኮቱን ዘግታ፣ ረሂማን አጠገቧ አስቀምጣ፣ በመንገዱ የሚያልፈውን ኮቴ ሁሉ ታዳምጣለች።