ድርብ በር

አቶ ይፍሩ የገዙትን ቤት አሽገው በጨረሱ በሳምንቱ፣ ከዚያ ቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ የገላውን ሙቀት ውስጥ ትቶ መውጣት ጀመረ።

መጀመሪያ የወጡት የእድሩ ዳኛ ባሻ ወልደየስ ናቸው። ባሻ ለአዲስ ቤት እንደሚገባው «ቤት ለእንቦሳ» ብለው ገቡ፤ አቶ ይፍሩና ባለቤታቸው ትርንጎም «እንቦሳ እሰሩ» ብለው ተቀበሏቸው። ጠላ ጠጡ፣ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩተው አደነቁ፣ መረቁና ሄዱ። ትርንጎ የተቀመጡበትን ወንበር ልታነሳ ስትል ሞቆ አገኘችው። በማግስቱም ሞቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ አቶ ይፍሩ እጃቸውን ከወንበሩ በላይ ባዶው አየር ላይ አሳረፉ። ሙቀቱ የባሻን ቅርጽ እንደያዘ ተቀምጧል። ጉልበቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይታወቃል፤ ቦርጩም ይታወቃል።

«ባሻ ረስተውት ነው የሄዱት» አለች ትርንጎ።

«ሲፈልጉት መጥተው ይወስዱታላ» አሉ አቶ ይፍሩ። ወንበሩን ግን አንስተው ብርድ ወደሚበዛበት ወደ ሰሜኑ ግድግዳ አስጠጉት።

አቶ ይፍሩ ከባዶ የተነሱ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በደብረ ብርሃን እህል ተራ ጆንያ ተሸካሚ ነበሩ፤ ኋላ የራሳቸውን የእህል መጋዘን አቆሙ። መጋዘን ያስተማራቸው ነገር አንድ ነው፤ ሀብት የሚያልቀው በተበላው ሳይሆን በፈሰሰው ነው። ስለዚህ የማይቆጥሩት ነገር የለም። ጆንያ ይቆጥራሉ፣ ክብሪት ይቆጥራሉ፣ ለቅሶ የመጣውንና የቀረውን ይቆጥራሉ። ሰዉ ፊት ለፊት ጋሽ ይፍሩ፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ቆጣሪው» ይላቸዋል። ይህንንም ያውቃሉ፤ አይከፋቸውም።

ቤት የገዙት በስተርጅና ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜ ልካቸውን ከትርንጎ ጋር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በአንዲት የኪራይ ክፍል ኖሩ። አንዲት ልጃቸው ሙሉእመቤት የተወለደችውም፣ ተድራ የወጣችውም ከዚያችው ክፍል ነው። የክፍሏ ግድግዳ በአልጋው በኩል ተሰንጥቆ ስለነበር፣ ጥቅምት በጠባ ቁጥር ትርንጎ አሮጌ ነጠላዋን ስንጥቁ ላይ ትወትፍ ነበር። ክፍሏ አሁን የለችም፤ ፈርሳ ቦታው ባዶ ሜዳ ሆኗል።

የተገዛው ቤት የድንጋይ ነው። ሰፊ ነው፣ የሳንቃ ወለል አለው፣ ግቢው ሣር ነው። ጉድለቱ ብርዱ ብቻ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ አስፈቅዶ የሚገባ ብርድ አይደለም።

«ሙቀት እንደ ጤፍ ነው» አሉ አቶ ይፍሩ። «ቀዳዳ ካገኘ ይፈሳል።»

ስለዚህ ቤቱን እንደ መጋዘን አሸጉት። ከኮርኒሱ በላይ ገለባ የታጨቀበት ማዳበሪያ አስደረደሩ። መስኮቶቹን ባለ ሁለት መስታወት አደረጓቸው። የወለሉን ስንጥቅ ሰጋቱራ በሙጫ እያስለወሱ አስደፈኑ። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ አሰቀሉ። በመጨረሻ ድርብ በር አስገጠሙ። አናጺው የሁለቱን በሮች መቀርቀሪያ በአንድ ሽቦ አያያዘው፤ የውጭው ካልተዘጋ የውስጡ አይከፈትም፣ የውስጡ ካልተዘጋ የውጭው አይከፈትም። ሰው በመካከል ቆሞ አንዱ እስኪዘጋ ይጠብቃል።

«ቤት እኮ ይተነፍሳል» አለች ትርንጎ ሲደፈን እያየች።

«ሳንባ የለው፣ በምኑ ይተነፍሳል?»

«እኛ አለን አይደል።»

አቶ ይፍሩ አናጺውን የሽቦውን ውፍረት ይጠይቁ ነበር።

ከባሻ በኋላ ሌሎችም መጡ። ጎረቤቲቱ ወይዘሮ አጸደ መጡና ሙቀታቸውን ሶፋው ጥግ ላይ ጥለው ሄዱ። የአቶ ይፍሩ የመጋዘን ሸሪክ መጣና የእሱን መስኮቱ ሥር ቆሞ ተወው። ከሄዱ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሲራመዱ እንዳይነኳቸው ዞር እያሉ ማለፍ ያስፈልግ ነበር። ለቤት ማሞቂያ የተገዛው የኤሌክትሪክ ዕቃ ከካርቶኑ ሳይወጣ ቀረ።

የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው መጥቶ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ በጣቱ መታ አደረገው።

«ጋሽ ይፍሩ፣ ቆጣሪው ቆሟል።»

«የትኛው?» አለች ትርንጎ ከጓዳ።

«የመብራቱ ነዋ፣ እማማ።»

«ኧረ እሱስ ይቁም።»

ሰውየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወጣ። የእሱም ሙቀት ሳጥኑ አጠገብ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቀረ።

ያኔ አቶ ይፍሩ ነገሩ ገባቸው። እያንዳንዱ እንግዳ «እንቦሳ እሰሩ» ሲባል እውነትም አንዳንድ እንቦሳ አስሮ ይሄዳል፤ እንቦሳው ገለባም አይበላ፣ ውሃም አይጠጣ፤ ዝም ብሎ ቤት ያሞቃል። ከዚያ ወዲያ ግብዣ አበዙ። ጽዋ ይዘው የማያውቁት ሰው የትርንጎን የማርያም ማኅበርተኞች ተራዋ ሳይደርስ ጠሩ፤ ሴቶቹንም ከሁሉ በሚቀዘቅዘው በኋለኛው ክፍል አስቀመጧቸው። «ግቡ፣ ግቡ፣ ጠጋ በሉ» ይላሉ። ሲወጡ እስከ ውስጠኛው በር ድረስ ይሸኟቸዋል። ጋሽ ይፍሩ በስተርጅና ሰው ወዳድ ሆኑ ተባለ።

ራሳቸውም በየማለዳው ወደ መጋዘን ይወጡ ነበር። ይህን አላሰቡትም። ቆጣሪ ራሱን አይቆጥርም።

ከተማው ውስጥ ነገሩ በጥቂቱ ይታይ ጀመር። ባሻ ወልደየስ በቀትር ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርበው ታዩ። የወይዘሮ አጸደ ድመት ከጭናቸው ወርዳ ድንጋይ ላይ መተኛት መረጠች። የአንዷ ማኅበርተኛ ሊጥ አልቦካ አለ። ባሻ አንድ ቀን የረሱትን ሊወስዱ መጡና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ይሞቃል፤ እሳቸው ግን አልሞቃቸውም።

«የሰው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ» አሉ።

«እንግዲህ የራስዎ ነው፣ ባሻ።»

«የራሴ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ እሱ ነው እኔን ያላወቀኝ።»

ሲወጡ የቀረቻቸውን ትንሽ ሙቀትም በሩ ሥር ጥለው ሄዱ። ትርንጎ ይህን አየች። ቤቱ ከታሸገ ጀምሮ ጉንፋን ይዟት ደጅ አልወጣችም ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ደግሞ ጉንፋኑ ቢለቃትም አልወጣችም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረች።

ታኅሣሥ ላይ ሙሉእመቤት ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ባለው ቤቷ ሴት ልጅ ወለደች። እናት ልጇን ማረስ አለባት። ትርንጎ ገንፎ የሚሆን ዱቄትና ቅቤ ቋጠረች፤ ነጠላዋን ለበሰችና የውስጠኛው በር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሁለቱንም አንድ ጊዜ ይክፈቱልኝ። ይዤው ልውጣ።»

«አብሮ የሁሉም ይወጣል።»

«የኔ ብቻ አይወጣም?»

«የተደባለቀ እህል ይለያል እንዴ፣ ትርንጎ? ይልቅ ቶሎ ተመለሽ።»

ወጣች። ሙቀቷ በአልጋውና በበሩ መካከል ቆሞ ቀረ። ፊቱንም ወደ በሩ አዞረ።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ መጣች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ሙቀቷ ወደ ቆመበት ቦታ ሄዳ፣ ትከሻን ከትከሻ፣ እጅን ከእጅ ለማጋጠም ሞከረች። አልገጠመላትም።

«ልጅቷ ስይዛት ትጮኻለች» አለች። «እጄ ይቀዘቅዛታል። ገላዋን የምታጥባት ጎረቤት ናት፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። የልጄን ልጅ፣ ይፍሩ።»

«እህ።»

«ይክፈቱት።»

«ጥር ይውጣ። ብርዱ ይለፍ። አሁን ብከፍተው ተመልሰሽ የምትገቢው ብርድ ቤት ውስጥ ነው። ላንቺው ብዬ ነው።»

ትርንጎ የሞቀውን ቤት ዙሪያውን አየችው።

«እዚያች ክፍል ሳለሁ በርዶኝ አያውቅም» አለች። «ቤት ለእንቦሳ ብሎ የመጣላት ሰው ግን አልነበረም። የኪራይ ናት ብለው።»

«አሁን እሱን ምን አመጣው?»

«ምንም። ትዝ ብሎኝ ነው።» ነጠላዋን አጣፋች። «ጥር እስኪወጣማ እኔ ወጥቻለሁ።»

አንዱ በር ተዘጋ፤ ሌላው ተከፈተ። ደፉ ላይ ሁለተኛ፣ ከፊተኛው ያነሰ ሙቀት ቀረ፤ የልጅ ያህል ነበር።

ጥምቀት ደረሰ። ውጭ ሣሩ ላይ በየማለዳው ውርጭ እንደ ጨው ይነጣል። አቶ ይፍሩ ውስጥ በሸሚዝ ይቀመጣሉ፤ ቅቤው በቅሉ ውስጥ ቀልጧል። ቤቱ ሙሉ ነው፤ የሚያናግራቸው ግን የለም። አንዳንዴ ወደ ቆመው የትርንጎ ሙቀት ሄደው እጃቸውን ትከሻው ላይ ያሳርፋሉ። ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ ነው። አንድ ቀን እንዲህ እንደቆሙ፣ በዚያች የኪራይ ክፍል ትርንጎ ሁልጊዜ በስንጥቁ በኩል ትተኛ እንደነበር ትዝ አላቸው። በእሷ በኩል ያለፈ ንፋስ ከእሳቸው ደርሶ አያውቅም። ይህን ያህል ዘመን ሁሉን ሲቆጥሩ ይህችን አልቆጠሯትም።

ሙሉእመቤት ደወለች።

«አባባ፣ እማማን ምድጃው አጠገብ አስቀምጫት ነበር።»

«ጥሩ አደረግሽ።»

«ምድጃው ቀዘቀዘ።»

አቶ ይፍሩ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩ።

«ልጄን ለእማማ መስጠት ተውኩ። ልሰጣት እፈልጋለሁ፣ ግን አልሰጣትም። እጇን ዘርግታ ታየኛለች፣ ከዚያ እጇን ትሰበስባለች።»

«ምን ትላለች?»

«ጥር ሊወጣ ስንት ቀን ቀረው ትላለች። ሌላ ነገር አትናገርም።»

በማግስቱ ማለዳ አቶ ይፍሩ ፒንሳ ይዘው ሄዱና የመቀርቀሪያውን ሽቦ ቆረጡ። የውስጡን በር ከፈቱ። የውጭውንም ከፈቱ። ጋቢያቸውን ለብሰው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

ድምፅ አልነበረም። ሙቀቶቹ በአጠገባቸው እያለፉ ወጡ፤ የአንዳንዱ ጫፍ ጉንጫቸውን ነካ። ግቢው ውስጥ ውርጩ በእግር ልክ በእግር ልክ እየቀለጠ ወደ አጥሩ በር ሄደ። የባሻን ዱካ በከዘራቸው ነጥብ ለዩት። የማኅበርተኞቹ እንደ ልማዳቸው ተጠጋግተው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ተለያዩ፤ እያንዳንዱ ወደየቤቱ መንገድ ታጠፈ።

የትርንጎ የመጨረሻ መሰለ። ዱካዋ ትንሽ ነው፤ ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ ይዞራል። አቶ ይፍሩ ወደ ወንዙ፣ ወደ ልጃቸው ቤት እስኪታጠፍ ጠበቁ። አልታጠፈም። ዱካው በሩ ላይ ጥቂት ቆመ፤ እዚያ ውርጩ ሰፋ ብሎ ቀለጠ። ከቤቱ ደግሞ አንድ የወንድ ጫማ ዱካ ወጥቶ ደረሰበት፤ የግራ ተረከዙ በውጭ በኩል የተበላ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ወፍጮ ቤቱ አቀኑ።

አቶ ይፍሩ የግራ ጫማቸውን አንስተው ተረከዙን አዩት። ከዚያ ተነሥተው ተከተሉ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ በሙሉ ነጭ ነበር። በመካከሉ አንዲት ክፍል የሚያህል ቦታ ብቻ ሣሩ ደርቆ፣ ከመሬቱ ቀጭን እንፋሎት ይነሣል። ዱካዎቹ በር በነበረበት በኩል ገብተዋል። አቶ ይፍሩ ግን የቆሙት በአልጋው በኩል፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ በነበረበት አጠገብ ነው። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ቤት ለእንቦሳ» አሉ። ብርዱ ብርቱ ነበር፤ ከአፋቸው ግን እንደ ሰው ሁሉ ጉም አልወጣም።

«እንቦሳ እሰሩ» አሉ ከውስጥ ሁለት ድምፆች። አንደኛው የራሳቸው ነበር።

ከዚያ ከውስጥ፣ እሳቸው በቆሙበት በኩል፣ አንድ ሰው ቀስ እያለ ነጠላ ይወትፍ ጀመር።