የወንድሜ ጀርባ

ወንድሜ ቤሲክ ጀርባውን ታሞ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ጣሊያን አገር፣ ባሪ ከተማ ያለን ጆርጂያውያን በሙሉ፣ ከአሮጊት እስከ ሕፃን፣ ስለ ቤሲክ ጀርባ የምንለው አናጣም።

የታመመው አእምሮውን ነው። ከሀገር ቤት፣ ከዜስታፖኒ፣ ወደ እኛ በመጣ በሰባተኛው ወር፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከግንባታ ሥራው ተመልሶ አልጋው ላይ ወጣ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ በቃ። አራት ወር። አይላጭም፣ አይወጣም፣ ሲያናግሩት «እሺ» ብሎ ዝም ይላል። ከግድግዳው ማዶ እናቴ ተቀጥራ የምታስታምማቸው ሲኞራ ኢማኮላታ አሉ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ስለደከመ የቴሌቪዥን ድራማቸውን የሚያዩት ሕንፃውን እያንቀጠቀጡ ነው። ቤሲክ ጠዋትም ማታም ያንን ሲሰማ ይውላል።

እናቴ ማክቫላ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ጀርባውን ነው» አለች።

«እማ፣ ለምን ትዋሺያለሽ?» አልኳት።

«ጭንቅላቱን ነው ልበል? የእብድ ቤት እንዲሉን? ከዚያ ማን ልጁን ይሰጠዋል?»

«አሁን እኮ ፀጉሩን የሚያበጥር እንኳ አልተገኘም፤ አንቺ ትድሪዋለሽ።»

«ኢያ፣ አፍሽን ያዥ።»

እሁድ እሁድ ከሀገር ቤት ዕቃ የሚያመላልሰው ሚኒባስ አደባባዩ ላይ ይቆማል፤ እኛም እዚያ እንሰበሰባለን። እናቴ «ጀርባውን» ያለችው ባሪ ላለው ሰው ብቻ ነበር፤ ወሬው ግን በዚያው ሚኒባስ ዜስታፖኒ ደረሰ። በሁለተኛው እሁድ መልሱ መጣ፦ አንድ ማሰሮ የድብ ስብ፣ ከውሻ ፀጉር የተፈተለ መቀነት፣ አክስቴ ያወጣችው ቻቻ የሚባል የወይን አረቄ «ለመታሻ» ተብሎ፣ ሌላ ጠርሙስ ደግሞ «ለአሺው» ተብሎ። የድብ ስቡ ሽታ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። የፎቁ ሰዎች ከእኛ ቤት የሞተ ነገር እንዳለ ጠረጠሩ።

ቀጥሎ ቫዣ መጣ። ቫዣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መቶ አሥር ኪሎ ይመዝናል። አያቱ ወጌሻ ስለነበሩ እጁ የተባረከ ነው ይባላል፤ እሱ ግን የሚያክመው በእግሩ ነው። ካልሲውን አወለቀና የቤሲክ ጀርባ ላይ ወጣ።

«የቱ ጋ ነው የሚያምህ፣ ወንድሜ?»

«የትም» አለ ቤሲክ፣ ፊቱ ትራሱ ውስጥ እንደተቀበረ።

«ደንዝዟል ማለት ነው» አለ ቫዣ፤ እንደገና ረገጠው።

እኔ እስቃለሁ፤ ግን እፈራ ነበር። ከምሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ስመለስ፣ ደረጃውን ስወጣ፣ በሩን ስከፍት በሕይወት አላገኘው ይሆን እያልኩ ነበር። ስለዚህ ለእናቴ ሳልነግር የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩ። ሦስት ወር አስጠበቁኝ። ይህ ቀጠሮ ከተበላሸ ሌላ ሦስት ወር ልንጠብቅ ነው፤ ቤሲክ ያን ያህል መቆየቱን ደግሞ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ዕለቱ ሲደርስ ለእናቴ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ያ ነው ያሳሰበኝ። «እኔ አስተረጉማለሁ» አለች። «አሥራ ስምንት ዓመት የኖርኩበት አገር ነው፤ አንቺ ከማን ትበልጫለሽ?»

እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድም። ዘጠኝ ሰው ተከተለን። ቫዣ መጣ፤ የአደባባዩ ወሬ ሁሉ በእጇ የሚያልፈው ፂሳና ሦስት ትልልቅ የአይብ ዳቦ ተሸክማ መጣች። ኮሪደሩን ሞልተው ተቀመጡ። እኔ፣ እናቴና ቤሲክ ገባን።

ዶክተሯ ረጋ ያለች ሴት ናት። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ እናቴ አስተረጎመችለት።

ቤሲክ ወለሉን እያየ በቋንቋችን መለሰ። «አልተኛም። ጠዋት መነሳት ድንጋይ እንደ መሸከም ነው። ለምን እንደምነሳም አላውቅም።»

እናቴ ወደ ዶክተሯ ዞረች። «ድንጋይ ሲሸከም ጀርባውን አመመው።»

ዶክተሯ ወረቀቷን አገላበጠች። «ሲኞራ፣ ይህ እኮ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው።»

«አውቃለሁ። የጀርባው አጥንት ወደ ላይ ወጥቶ የሚያልቀው ጭንቅላት ጋ አይደል?»

አፌን ስከፍት እናቴ እግሬን ረግጣ ያዘችኝ። ከቫዣ የተማረችው ይመስለኛል።

«መሞት ተመኝቶ ያውቃል?» አለች ዶክተሯ።

 እናቴ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ወደ ቤሲክ ዞራ «ምሳ ምን በላህ እያለችህ ነው» አለችው።

ቤሲክ ቀና አለ። እናቴን አያት። ከዚያ ደረቱን ነፋና፣ በጣሊያንኛ፣ ርስቱን እንደተቀማ መስፍን በሚያስገመግም ድምፅ፣ «ዶክተር ሆይ፣ ይህች ሴት እውነቱን ሰውራብዎታለች። ከእንግዲህ ዝም ልል አይቻለኝም!» አለ።

የዶክተሯ እስክሪብቶ ወደቀ። እኔ ወንድሜ ከ«ዳቦ» እና ከ«ሲሚንቶ» በቀር የጣሊያንኛ ቃል ሲያወጣ ሰምቼ አላውቅም።

«ማን አስተማረህ?» አለች እናቴ።

«ሲኞራ ኢማኮላታ። በግድግዳው በኩል።» ከዚያ ወደ ዶክተሯ ተመለሰ። «ሞትን ሁለት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ምስጢሬን አሁን ያውቃሉ። በእጅዎ ነኝ።»

ዶክተሯ ሳቋን በግድ ዋጠች፤ የጻፈችውን ግን በጥንቃቄ ነበር የጻፈችው። ብዙ ጠየቀችው፤ እሱም ሁሉንም መለሰ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «እርስዎስ ሲኞራ፣ ይተኛሉ?»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«አትተኛም» አለ ቤሲክ። እዚህ ላይ የድራማው ቋንቋ አለቀበት፤ እንዲህ ያለ ነገር እዚያ አይወራም መሰለኝ። ቃል እየፈለገ፣ እየተሰባበረ፣ እንደ ራሱ ተናገረ። «ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ሳይነጋ፣ ክፍሌ በር ላይ ትቆማለች። ትንፋሼን ታዳምጣለች። እኔም አልተኛሁም። የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ስሰማ ጮክ ብዬ እተነፍሳለሁ። እንድትሰማኝ።»

እናቴ እግሬን ለቀቀችው።

«አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር ትቼው ስመጣ» አለች ለዶክተሯ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «በየእሁዱ ዕቃ እልክለት ነበር። ጫማ እልካለሁ፤ ሲደርስ ይጠበዋል። ማደጉን እንኳ የማውቀው በጫማው ነበር።» ከዚያ አለቀሰች። ቤሲክ ከዶክተሯ ጠረጴዛ የወረቀት መሐረብ አንስቶ ሰጣት፤ እኔም አንድ ወሰድኩ።

መድኃኒት ተጻፈለት፤ በየሳምንቱ ሐሙስ እንዲመለስ ተነገረው። ስንወጣ ዘጠኙም ተነሱ።

«ጀርባው እንዴት ሆነ?» አለች ፂሳና።

እናቴን አየኋት። ሻርፗን አስተካከለች። «ጀርባው ደህና ነው» አለች። «ልጄን የሚያመው አእምሮው ነው። ጀርባውን ሲያመው አልነበረም፤ ዋሽቻችሁ ነው። አሁን የምታሙ እሙ።»

 ቫዣ ብዙ አሰበ።

«ታዲያ እኔን ጀርባው ላይ ለምን አስወጣችሁኝ?» አለ በመጨረሻ።

ቤሲክ ሳቀ። ከአራት ወር በኋላ። ሳቁ ከልምምድ ስለወጣ መጀመሪያ ሳል መስሎን ነበር፤ አንዱ ሮጦ ውኃ ሊያመጣ ሄደ። እናቴ ዳቦውን እዚያው ቆርሳ ማጉረስ ጀመረች።

ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ፂሳና ክንዴን ይዛ ወደኋላ አስቀረችኝ። ሁለት ልጆቿን ኩታይሲ ትታ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ስትል ሰምተናት አናውቅም። ማንም አለመስማቱን አየች።

«ኢያዬ» አለችኝ፣ «ለእኔም ጀርባ ቀጠሮ ያዢልኝ።»