የወይዘሮ ወለተሰንበት ሦስተኛ ልጅ

የወይዘሮ ወለተሰንበትን ቤተሰብ የዘር ሐረግ የሣልኩት ሐኪማቸው እኔ ነኝ። ባለቤታቸው በአርባ አንድ ዓመታቸው መንገድ ላይ ወድቀው በድንገት ሞተዋል። ልጆቻቸው አስፋው፣ ሠርካዲስና ሮቤራ ናቸው፤ የሦስቱም የልብ ጡንቻ ወፍሯል። በአስፋውና በሠርካዲስ ደም ውስጥ አንድ ዓይነት የጂን ለውጥ አገኘን፤ በሌሎች ቤተሰቦችም ይህን በሽታ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ለውጡ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የአስፋው ልጅ ትሕትና ግን ለውጡ የለባትም፤ ልቧም በአልትራሳውንድ ሲታይ ጤነኛ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ሯጭ ናት። ነገሩ እስኪጣራ ብዬ ከልምምድ ካገድኳት አምስት ወር ሆናት።

ሮቤራ ባይኖር ውጤቷ በደረሰበት ቀን እፈቅድላት ነበር። የእሱ ልብ ታሟል፣ ለውጡ ግን የለበትም። ታዲያ በሽታውን የሚያመጣው ገና ያላገኘነው ሌላ ነገር ቢሆንስ? ትሕትናም እሱን ወርሳ ቢሆንስ? የሩጫ ክለቡ ሯጮች የሚመርጥበት ምዝገባ ደግሞ ሰኞ ይዘጋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሐረጉን የሣልኩበትን ወረቀት ይዤ ከሜክሲኮ ወደ ጌጃ ሰፈር፣ ወደ ወይዘሮዋ ቤት ወረድኩ።

"እማማ፣ አስፋውን የት ወለዱት?"

"እዚሁ ቤት።"

"ሠርካዲስን?"

"ሆስፒታል ነዋ።"

"ሮቤራንስ?"

በሩ አጠገብ ጫማውን የሚጠርገው ሮቤራ ሳቀ፤ ሃምሳ ሊሞላው ነው። "ንገሪያት እንጂ እማዬ፣ ምን ያህል እንዳስማጥኩሽ!"

"ዝም በል አንተ! ባለቤቴ ናቸው ልደታ ማርያም ክርስትና ያነሱት። እናቱ ጎረቤቴ ነበረች፤ ስትሞት እኔው አሳደግኩት። ልጅሽ አይደለም ልትይኝ ነው?"

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። "በሥጋ አልወለዱትም?"

"የክርስትና ልጅ ከሥጋ ይበልጣል። ደግሞስ መቼ እንዲህ ብለሽ ጠየቅሽኝ? 'ስንት ልጆች አሉዎት?' አልሽ፤ ሦስት አልኩሽ።"

እውነታቸውን ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሮቤራን ከሌሎቹ የሚያገናኘውን መስመር ሰረዝኩ። ቀና ብዬ ሐረጉን አየሁት። የታመሙት የሥጋ ልጆች ሁለቱም ለውጡ አለባቸው፤ አሁን ከውጤቱ ጋር የሚጋጭ አንድም ሰው የለም!

"ጋሽ ሮቤራ፣ የእርስዎ ልብ የታመመበት ምክንያት ሌላ ነው። ማክሰኞ ይምጡና ከደም ግፊትዎ ጀምረን እንፈልገዋለን።"

"ከቤተሰቡ አባርረሽኝ ስታበቂ ቀጠሮ ትሰጪኛለሽ?"

"ማን አባቱ ነው የሚያባርርህ!" አሉ እማማ።

ትሕትና ጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። "ዶክተር... እኔስ?"

"የአባትሽ በሽታ ወደ አንቺ አልተላለፈም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

አምስት ወር ሙሉ ይህን ጥያቄ ስሸሸው ነበር። "እርግጠኛ ነኝ።"

"ሰኞ ልመዝገብ?"

"ተመዝገቢ! ሩጪ!"

ጮኸች፤ አያቷን አቅፋ አሽከረከረቻቸው፤ እማማ እልልታውን አቀለጡት። ብዙ ወር ስላረፈች ቀስ ብላ መጀመር እንዳለባት ልነግራት ተከትያት ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ስደርስ እሷ የልብስ ሰፊውን ሱቅ አልፋ ወደ አስፋልቱ እየበረረች ነበር።